ስማርት ሰዓት ወይስ ስማርት ባንድ? ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚጠቅም ንጽጽር

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ሲጠይቅ «ስማርት ሰዓት» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ጣጣው የሚጀምረው ዕቃው ከሻንጣ ከወጣ በኋላ ነው። ለአንድ የቅርብ ዘመዴ የመጣለት ውድ ሰዓት ከያዘው ስልክ ጋር ስለማይገናኝ እስከ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል። እሱ ሲፈልገው የነበረው ደግሞ በቀን ምን ያህል እንደሚራመድና ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ማወቅ ብቻ ነበር፤ ይህንን የሰዓቱን ዋጋ ሩብ እንኳ የማያወጣ ባንድ በሚገባ ይሠራለታል።

በዚህ ጽሑፍ «ስማርት ባንድ» የምንለው እርምጃን፣ የልብ ምትንና እንቅልፍን ለመከታተል ተብሎ የተሠራውን፣ ስክሪኑ ጠባብ የሆነውን መሣሪያ ነው። መልእክት ሲገባ ያሳያል እንጂ በአብዛኛው ለመመለስ አያስችልም። «ስማርት ሰዓት» የምንለው ደግሞ ይህንኑ ሁሉ እየሠራ በላዩ ላይ መተግበሪያ የሚጫንበትን፣ ስልክ የሚነሣበትንና ካርታ የሚታይበትን ነው። ንጽጽሩን «የትኛው ብዙ ነገር ይሠራል?» ብሎ የጀመረ ሰው መልሱ ሁልጊዜ ሰዓቱ ይሆንበታል። ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች የሚጠቅሙት እጅ ላይ እስካሉ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት የትኛው ከእጅ ሳይወልቅ እንደሚከርም ነው ብዬ አምናለሁ።

ለማነጻጸሪያነት ሁለት ዕቃዎችን መርጫለሁ። ከባንዶቹ ወገን በ2023 በ159.95 ዶላር ለገበያ የቀረበው ፊትቢት ቻርጅ 6፣ ከሰዓቶቹ ወገን ደግሞ በ249 ዶላር የሚጀምረው አፕል ዎች ኤስኢ ነው። የሻዮሚ፣ የሳምሰንግና የጋርሚን ምርቶች እንደ አስፈላጊነታቸው ይነሣሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም የአሜሪካ የመደብር ዋጋዎች ስለሆኑ አዲስ አበባ ላይ ሲደርሱ የሚጨመርባቸውን ገዢው ራሱ ያውቀዋል።

የያዙት ስልክ ይቀድማል

አፕል ዎች የሚሠራው ከአይፎን ጋር ብቻ ነው። ከአንድሮይድ ስልክ ጋር የሚያገናኘው መንገድ የለም፤ ጥገና ቤት ተወስዶ የሚስተካከልም አይደለም። የሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች በተቃራኒው፣ በ2021 ከወጣው ጋላክሲ ዎች 4 ወዲህ ያሉት ሞዴሎች ከአይፎን ጋር አይገናኙም። ባንዶቹ በዚህ በኩል የተሻለ ነፃነት ይሰጣሉ፤ ፊትቢት ቻርጅ 6ም ሆነ የሻዮሚ ባንዶች ከሁለቱም የስልክ ዓይነቶች ጋር ይሠራሉ። ከዚህ የሚለየው አንድሮይድን ብቻ የሚቀበለው የሳምሰንግ ጋላክሲ ፊት 3 ነው። ስልኩን በየጊዜው የሚለዋውጥ፣ ዛሬ አይፎን ይዞ ነገ ሸጦት አንድሮይድ የሚገዛ ሰው ባንድ ቢይዝ ይሻለዋል።

ባትሪ

አፕል ለኤስኢ የሚሰጠው የባትሪ ዕድሜ 18 ሰዓት ነው፤ ጠዋት የተደረገ ሰዓት ማታ ቻርጅ ላይ መዋል አለበት ማለት ነው። ፊትቢት ለቻርጅ 6 እስከ 7 ቀን፣ ሻዮሚ በ2024 ለወጣው ስማርት ባንድ 9 እስከ 21 ቀን ይላሉ። የፋብሪካ ቁጥር እንደ መኪና የነዳጅ ፍጆታ ነው፤ ስክሪኑ ሁልጊዜ እንዲበራ ከተደረገ፣ ማሳወቂያው ከበዛና ሌሊቱን ሁሉ ልኬት ከተከፈተ በእጅጉ ይወርዳል። ቢወርድም ግን በቀናት የሚቆጠረውና በሰዓታት የሚቆጠረው አይገናኙም።

ይህ ልዩነት ከመብራት ጋር ሲያያዝ ይበልጥ ይታያል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ሌሊቱን ሳይመጣ ሲያድር፣ በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልገው ሰዓት ጠዋት ላይ ባዶ ስክሪን ሆኖ ይገኛል፤ ፓወር ባንኩም ቢሆን ለስልኩ ነው የሚተርፈው። ሌላው ችግር የእንቅልፍ ክትትል ነው። እንቅልፉን መለካት የሚፈልግ ሰው ሰዓቱን አድርጎ መተኛት አለበት፤ ታዲያ መቼ ቻርጅ ያድርገው? አዳዲሶቹ ሞዴሎች ቶሎ ስለሚሞሉ ገላ እየታጠቡና ቁርስ እየበሉ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም ግን ልማድ ሆኖ እስኪለመድ ድረስ ብዙዎች ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ ረስተው ይወጣሉ። ባንድ የያዘ ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዴ ከሰካ ሳምንቱን ሊረሳው ይችላል። እንቅልፍን ለመከታተል ብቻ የሚገዛ ሰው ከዚህ በላይ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ባንድ ይግዛ።

ውድ የሆነው በተሻለ ይለካልን?

በአብዛኛው አይለካም፤ ገዢዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የመሣሪያ ዓይነቶች የልብ ምትን የሚያነቡት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው፤ ከጀርባቸው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልኩና በደም ሥር ውስጥ የሚያልፈው ደም ሲጨምርና ሲቀንስ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይለካሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሞክረው፣ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት እንደለኩ አረጋግጠዋል። የተቃጠለ ካሎሪን በተመለከተ ግን ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ፣ የመጨረሻው ደግሞ በ93 በመቶ ተሳስቷል። ስለዚህ «ዛሬ 600 ካሎሪ አቃጥለሃል» የሚለውን ጽሑፍ አምኖ እራት ላይ ተጨማሪ እንጀራ መዘርጋት አይገባም፤ ይህ ለሰዓቱም ለባንዱም እኩል ይሠራል።

የቆዳ ቀለም ልኬቱን ያዛባል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛ አንባቢዎች ተገቢ ነው። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በልብ ምት ልኬት ረገድ በቆዳ ቀለም ምክንያት ጉልህ ልዩነት አላገኙም፤ ልዩነት ያገኙት በመሣሪያዎቹ መካከል እንዲሁም በዕረፍትና በእንቅስቃሴ መካከል ነው። የደም ኦክስጅን ልኬት ግን የተለየ ነው። በዚያው ዓመት በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የሆስፒታል ጣት ላይ የሚደረጉት መለኪያዎች እንኳ በጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳዩ የሚያልፉበት አጋጣሚ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚታየው ዝቅ ያለ ቁጥር ማየት በራሱ ሕመም አይደለም። ኤስኢ ይህ ልኬት ጭራሽ የለውም፤ ቻርጅ 6 አለው። እኔ ብሆን ለዚህ ሲባል አንዱን ከሌላው አላስበልጥም።

እርምጃ ቆጠራም የራሱ ጉድለት አለው። መሣሪያው የሚቆጥረው የእጅን ውዝዋዜ እንጂ የእግርን እርምጃ አይደለም። እህቴ ባንዱን አድርጋ ቡና ስትወቅጥ ከበርጩማዋ ሳትነሣ መቶ ያህል እርምጃ ተመዝግቦላታል፤ በማግሥቱ ደግሞ የሕፃን ጋሪ እየገፋች ረጅም መንገድ ስትሄድ እጇ ጋሪው ላይ ስለነበረ ግማሹ እንኳ አልተቆጠረላትም። ሰዓቱም በዚህ ረገድ የተለየ ጥበብ የለውም። ለሁለቱም የሚረዳው ነገር ማሰሪያውን ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርጎ፣ ሳያጠብቁም ሳያላሉም ማሰር ነው።

ሰዓቱ በእርግጥ የሚበልጥበት አንድ ልኬት ግን አለ፤ ዳገት ነው። ኤስኢ ከፍታ መለኪያ አለው፤ ቻርጅ 6 የለውም፤ ፊትቢት ቀድሞ በቻርጅ 4 ላይ የነበረውን አውጥቶታል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ያን ሁሉ ሽቅብ ሲያለከልክ ባንዱ እንደ ሜዳ መንገድ ይመዘግብለታል። በተራራማ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ሯጮችን በተመለከተ

ጂፒኤስ የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈ ብቻ መታመን የለበትም። ሻዮሚ ባንድ 9 የራሱ ጂፒኤስ ስለሌለው ርቀቱን በትክክል ለመመዝገብ ስልኩን ኪስ ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል። ቻርጅ 6 የራሱ አለው፤ ጂፒኤሱ ሲበራ ግን የሰባት ቀኑ ባትሪ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ያሽቆለቁላል። ኤስኢም የራሱ ጂፒኤስ ስላለው ንጋት ላይ ስልካቸውን ቤት ትተው መሮጥ ለሚፈልጉ ይመቻል። ነገር ግን በመስቀል አደባባዩ የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የማይበቃቸውና በሳምንት አራትና አምስት ቀን የሚሮጡ ሰዎች ከሁለቱም ወጥተው የሩጫ ሰዓት ቢያዩ ይሻላል። በ2021 በ199.99 ዶላር የወጣው ጋርሚን ፎርራነር 55 ጂፒኤሱ በርቶ 20 ሰዓት፣ ሳይበራ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ በቁልፍ ስለሚሠራም ላብ ያረጠበው ጣት አያስቸግረውም። ዋና ለሚዋኙ ሁለቱም ዕቃዎች እስከ 50 ሜትር ውኃ የመቋቋም ደረጃ ስላላቸው የሚያማርጥ ነገር የለም።

መልእክት፣ ክፍያና የእኛ ሰዓት አቆጣጠር

ርካሽ ከሆኑት ባንዶች አንዳንዶቹ የግዕዝ ፊደል አልተጫነባቸውም፤ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲገባ ተርታውን የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ይታያሉ። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሱቁ ውስጥ እያሉ መሣሪያውን ከስልክዎ ጋር አገናኝተው ጓደኛዎ «ደርሰሃል?» ብሎ እንዲጽፍልዎ ማድረግ ነው። ነጋዴው ቢያጉረመርምም አይተዉት።

በሰዓት ነክቶ መክፈል አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ወገኖቻችን ትልቅ ጥቅም ነው፤ አፕል ፔይ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ እዚህ ለሚኖር ሰው ግን ዋጋ የለውም። ሲም ያለው ሰዓት ለመግዛት የሚያስብም ቢሆን፣ የሚጠቀምበት የቴሌኮም ድርጅት ለሰዓት አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑን ሳያረጋግጥ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

ለሰዓቱ ወገን አንድ ነጥብ ልጨምር። በሀበሻ አቆጣጠር ሰዓት ማየት የሚፈልግ ሰው በአፕል ዎች ፊት ላይ የዓለም ሰዓት ከፍቶ ቦይነስ አይረስን ይምረጥ፤ የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለሚዘገይና በክረምትና በበጋ ስለማይቀያየር፣ የስልኩ ሰዓት ጠዋት 7:00 ሲል እሱ 1:00 ይላል።

ከሐሰተኛው መጠንቀቅ

መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ በመልኩ ከአፕል ዎች አልትራ የማይለይ ሰዓት በጥቂት ሺህ ብር ይቀርባል። መለየቱ አያስቸግርም፤ እውነተኛው አፕል ዎች አይፎን ላይ ባለው የዎች መተግበሪያ ብቻ ሲገናኝ፣ አስመስሎ የተሠራው ኪውአር ኮድ አስነሥቶ ስሙ የማይታወቅ ሌላ መተግበሪያ እንዲጫን ይጠይቃል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የደም ስኳርን ያለ መርፌ እንለካለን ይላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ የደም ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ አስታውቋል። የስኳር ሕመምተኛ የኢንሱሊኑን መጠን በዚህ ቁጥር ቢወስን ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። የደም ግፊትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ሳምሰንግ እንኳ በሰዓቱ ግፊት ለሚለካ ሰው በየ28 ቀኑ በትክክለኛው የክንድ መለኪያ እንዲያስተካክለው ያስገድዳል።

ለማን የትኛው?

አንድሮይድ ስልክ ይዞ መራመድ፣ መተኛትና ክብደት መቀነስ ለሚያስብ ሰው ሻዮሚ ባንድ 9 ወይም መሰሉ ይበቃዋል፤ የራሱን ጂፒኤስ የሚፈልግ ከሆነ ወደ ቻርጅ 6 ከፍ ይበል። ፊትቢት በወር 9.99 ዶላር የሚያስከፍለው ፕሪሚየም አገልግሎት ግዴታ አይደለም፤ ዋና ዋናዎቹ ልኬቶች ያለ ክፍያ ይታያሉ። በአንጻሩ እንደ ዉፕ ያሉት ስክሪን አልባ ባንዶች ያለ ደንበኝነት ክፍያ ስለማይሠሩ፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው በስጦታ እንኳ ባይቀበላቸው ይሻላል። አይፎን ይዞ ቀኑን በስብሰባና በመኪና ውስጥ የሚያሳልፍ፣ ስልክ ከኪሱ ሳያወጣ ማን እንደደወለ ማወቅና መመለስ የሚፈልግ፣ እንጦጦንም በእግሩ የሚወጣ ሰው ኤስኢን ቢገዛ አይቆጭም። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻቸው ቢወድቁ የሚያሳውቅ ነገር የሚፈልጉም ይህን ተግባር የሚያገኙት ከሰዓቱ እንጂ ከባንዱ አይደለም።

ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ለዘመዱ የስልኩን ሙሉ ሞዴል በጽሑፍ ይላክለት፤ ቻርጀሩንም ሁለት አድርጎ እንዲያመጣለት ይለምነው። የእነዚህ መሣሪያዎች ቻርጀር ከስልክ ቻርጀር ጋር አይመሳሰልም፤ የቻርጅ 6 መሰኪያ ለኤስኢ፣ የኤስኢም ለቻርጅ 6 አይሆንም፤ አንዱ ከጠፋ ደግሞ ምትኩን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መንከራተት ይመጣል።