«ባሌስትራ ተጨምሮበታል» ሲሏችሁ ደስ አይበላችሁ

ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ልትገዙ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ፤ እናንተ አትድገሙት።

የፈለግኩት በሥራ ቀን ዕቃ የሚጭን፣ በእረፍት ቀን ደግሞ ቤተሰብና ድንኳን ይዞ ኮረኮንች የሚወጣ መኪና ነበር። አገኘሁ። ሞተሩ ድምፁ ያምራል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሻጩ ወደ ኋላ ጎማው ጎንበስ አለና፣ ጭነቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ስፕሪንጎች እያሳየ፣ «ባሌስትራ አስጨምሬበታለሁ፤ አንድ ቶን ብትጭንበት ንቅንቅ አይልም» አለኝ። የዋሁ እኔ ፈነደቅኩ!

ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው ከኋላ ከፍ ይላል፤ ሲጫንም ቶሎ ዝቅ አይልም። ሻንሲው (መኪናውን ሁሉ የተሸከመው የብረት አጽም)፣ አክስሉ፣ ፍሬኑና ጎማው ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ፋብሪካው የፈቀደው ጭነት በአንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም። መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጫን እንደኖረ ያ ባሌስትራ ራሱ እየነገረኝ ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ።

ከሁለት ወር በኋላ መካኒክ ከሥሩ ገብቶ ሲያይ ጉዱ ወጣ። ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ተሰንጥቆ ተበይዷል፤ በላዩ ጥቁር ቀለም ተለቅልቆበታል። ለካ በጋቢናውና በካሶኒው (በኋላው የዕቃ መጫኛ) መካከል ያለው ክፍተትም ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ኖሯል። ሻንሲ ወደ ኋላ ሲታጠፍ እንዲህ ያደርጋል። በጎን ቆሞ ላየው ይታያል። እኔ ለካ ስልኬን ከመኪናው ቴፕ ጋር ለማገናኘት ስታገል ነበር።

ሌላው፣ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የክብደት ጽሑፍ ካለ አንብቡ። የተጻፈው የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ብቻ ከሆነ የባዶ መኪናውን ክብደት ቀንሱለት። የቀረው ሰውንም ይጨምራል። 500 ኪሎ ቀረ እንበል። 75 ኪሎ የሚመዝኑ 5 ሰዎች 375ቱን ወሰዱ። 1,000 ኪሎ ተሳቢ ከቀጠላችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ፣ ማለትም መኪናው ላይ ያርፋል። 100 ኪሎ ብቻ ቢያርፍ እንኳ ለድንኳኑና ለስንቁ የተረፈው 25 ኪሎ ነው። «ይሄን ያህል ይጎትታል» የሚሉት ቁጥር ይህንን አይነግራችሁም።

ሻጩ ጋ ስደውል «አይተህ አይደል የገዛኸው?» አለኝ። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ፣ እናንተ በመረጣችሁት ጋራዥ ከሥሩ ይታይ። በተለይ ትኩስ ጥቁር ቀለም ያለበት ቦታ። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ ጥላችሁት ሂዱ።