በጎንደር ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚሰጥ የእስክስታ ትምህርት፦ ከሦስት ወር በኋላ

አባቴ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም) እንዳለባቸው ከተነገራቸው አምስተኛ ዓመታቸው ነው። ላለፉት ሦስት ወራት ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን ለሕሙማኑ የሚሰጠውን የውዝዋዜ ትምህርት ሲከታተሉ እኔም አብሬያቸው ስለቆየሁ፣ ለመመዝገብ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ያየሁትን እጽፋለሁ።

ለፓርኪንሰን ሕሙማን ዳንስ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ብሩክሊን የማርክ ሞሪስ የዳንስ ቡድን ከአካባቢው የሕሙማን ማኅበር ጋር ሆኖ የጀመረው ትምህርት ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። የእኛው የሚለየው በእስክስታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው፤ ምርጫውም ተገቢ ነው እላለሁ። እስክስታ የትከሻና የደረት ጨዋታ ስለሆነ፣ መቆም የሚከብደው ሰው እንኳ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሙሉ ተሳታፊ ይሆናል። ሕመሙ ትከሻን ግትር የሚያደርግና እንቅስቃሴን የሚያሳንስ በመሆኑም አስተማሪው «ጎላ አድርጉት፣ ገና ነው!» እያለ የሚወተውተው ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ የአዳራሹ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው እንደ ወትሮው ተተከለ። ክንዳቸውን ይዤ ልስብ ስል (ይህን ለዓመታት ሳደርግ ስሕተት መሆኑን የነገረኝ አልነበረም) አስተማሪው «ተይ እህቴ፣ አትሳቢያቸው» አለኝና ከበሮውን በዝግታ መምታት ጀመረ። ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ነጭ ፕላስተር እያሳየ «ጋሼ፣ ይህችን ይሻገሩልኝ» አላቸው፤ በአራተኛው ምት ተሻገሩ። ዶፓሚን የተባለውን፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ፣ ቀድሞ ሳይታሰብ ይደረግ የነበረው እርምጃ ከውስጥ የሚያስጀምረው ያጣል፤ ከውጭ የሚሰማ ምት ወይም ዓይን የሚያርፍበት መስመር ግን እግሩን ሊያስነሣው ይችላል።

ነቀፌታም አለኝ። ከበሮ መቺው በማይመጣበት ቀን በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው የሠርግ ዘፈን ከመጠን በላይ ፈጣን ነው፤ ሚዛን ለመጠበቅ ለሚቸገር ሰው በዚያ ፍጥነት መዞር ለመውደቅ መጋበዝ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ የክንድ መደገፊያ ስለሌላቸው ለመነሣት የሚያዝ ነገር አይገኝም፤ ወደ አዳራሹ የሚያወጣው ደረጃም ጠባብ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰዓቱ ነው። ትምህርቱ በ9 ሰዓት ስለሚጀምር፣ የቀኑን ሌቮዶፓ (የሕመሙን መድኃኒት) በ6 ሰዓት የሚወስዱት አባቴ የመድኃኒቱ ኃይል በሚደክምበት ጊዜ ይደርሳሉ። ወደ 8 ሰዓት እንዲመጣልን ጠይቀን መልስ አላገኘንም፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ደግሞ ሐኪም ሳናማክር በራሳችን መቀየር አልፈለግንም።

ክፍያው ለባጃጅ ደርሶ መልስ ከምናወጣው እምብዛም አይበልጥም። መድኃኒት ይተካል ብሎ የሚመጣ ሰው ግን ያዝናል፤ የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ እንዳለ ነው። የተለወጠው ከወንበር አነሣሣቸውና አካሄዳቸው ነው፤ ከሰው ጋር መሆንም ያስደስታቸዋል። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ይመጡ የነበሩ አንዲት እናት፣ አሁን ከበሮው ሲጀምር ነጠላውን አጣፍተው ቀድመው ትከሻቸውን የሚነቀንቁት እርሳቸው ናቸው።

ደረጃውን ደግፎ የሚያወጣ ሰው ላለው ቤተሰብ መመዝገቡን እመክራለሁ። እኛ ቤት አባቴ በር ላይ ሲተከሉ ክንዳቸውን የሚስብ የለም፤ እናቴ ከማድ ቤት ሆና ታጨበጭብላቸዋለች።