የሜዲኬይድ ማመልከቻ በነጻ ለምታስሞላው እህታችን ምስጋና (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ሽፋን፣ ማመልከቻ የምታስሞላው ናቪጌተር (የጤና ሽፋን ማመልከቻ የምታግዝ ሠራተኛ) እህታችን ስሟ እንዲጠራ አትፈልግም። ሥራዋን ግን በዲቪ የገባ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

«ግሪን ካርድ ከያዛችሁ አምስት ዓመት ካልሞላ ሜዲኬይድ የለም» የሚባለው ነገር ስንት ነፍሰ ጡር ያለ ክትትል አስቀርቷል! የአምስት ዓመቱ ገደብ የመጣው በ1996 ሕግ ነው። ከ2009 ወዲህ ግን ስቴቶች በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ሳያስጠብቁ መሸፈን ይችላሉ፤ ሜሪላንድም ትሸፍናለች። ወረቀት ለሌላት ነፍሰ ጡርም ገቢዋ ከገደቡ ካላለፈ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ሽፋን አለ፤ ከወሊድ በኋላም አራት ወር ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚከለከለው ቅጹ ላይ በሚሠራ ስህተት ነው፤ እሷ የምትጠነቀቀውም ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር ብቻዋን አትቆጠርም፤ የሚወለደው ልጅም ይደመራል፣ መንታ ከሆነ ሁለቱም፤ በዚህ የገቢው ገደብ ከፍ ይላል። ያስጠጋችሁ የአጎት ልጅ ከናንተ ጋር አብሮ ታክስ እስካልሞላ ድረስ ደሞዙ የናንተ ገቢ አይደለም። ኡበር የሚነዳ ባል የሚያስመዘግበው ከቤንዚን፣ ከመኪና ኢንሹራንስና ከኩባንያው ድርሻ በኋላ የተረፈውን ነው። ጠቅላላውን የጻፈ ሰው ሽፋኑ የሚገባው ሆኖ ሳለ ሊከለከል ይችላል። ስም ግሪን ካርዱ ላይ እንዳለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይጻፍ። የኤሊየን ቁጥር (A-Number) በሚጠየቅበት ቦታ የሚጻፈውም ከካርዱ ፊት ያለው ባለ ዘጠኝ አሃዙ ነው፤ ሲሳሳት ሲስተሙ ማረጋገጥ አቅቶት ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የማስረጃ ማስገቢያ ቀን ካለፈ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላል።

ለራሱ የማያመለክት የቤተሰብ አባል የኢሚግሬሽን ሁኔታውን የመናገር ግዴታ የለበትም። ይህን አስቀድማ ትነግራለች፤ ጉዳዩ ስስ ከሆነባት ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ ትላለች። ይህ ሐቀኝነቷ ነው ከሁሉ ያስከበራት።

ስትሄዱ ግሪን ካርድ ወይም ማህተም ያለበት ፓስፖርት፣ የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀትና ሐኪሙ የነገራችሁን የመውለጃ ቀን ያዙ። ቀደም ብሎ የተጠራቀመ የሐኪም ሂሳብ ካለም አትጣሉት፣ አሳዩአት። ስትወልዱ ወዲያው አሳውቁ፤ ሜዲኬይድ ካላት እናት የተወለደ ልጅ አዲስ ማመልከቻ ሳያስፈልገው አንድ ዓመት እስኪሞላው ይሸፈናል፣ ካርዱ የሚመጣው ግን ልደቱ ሲመዘገብ ነው።

ርቃችሁ የምትኖሩ ማመልከቻውን ወደሚቀበለው የስቴቱ የጤና መድን ገበያ፣ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚው በነጻ ነው። እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን።