«ስናፕሾት አለዎት» ብለው የሰባት ወር ሥራዬን አጠፉብኝ፤ እናንተ ተጠንቀቁ

ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ውስጤ እየነደደ ነው። ቁጣዬ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሲበርድልኝ «ይሁን፣ ይለፍ» የምል ሰው ነኝ። ይሄ ግን መታለፍ የለበትም።

ነገሩ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሰርቨር ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ መሣሪያዎች (ስዊቾች፣ ራውተሮችና አክሰስ ፖይንቶች) ቀን ከሌት የሚከታተል፣ አንዱ ሲወድቅ ቶሎ የሚያሳውቅ ሶፍትዌር በቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) ላይ እንዲተከልልኝ ፈለግሁ። እነዚህን «ሁሉንም ጨርሰን እናስረክባለን» የሚሉትን ድርጅቶች ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ሽክ ያለ ሰው ነው፤ የጠየቃችሁትን ሁሉ «ይቻላል» ብሎ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ፍላሽ የያዘ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የለም። ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም።

የሰጡኝ ዋጋ ላይ አራት ነገር ተዘርዝሯል። የቨርቹዋል ማሽን ዝግጅት፣ የሶፍትዌር ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ)፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፣ የአንድ ዓመት ጥገና። ሁሉንም ቀድሜ ከፈልኩ። ልጁ መጥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። «ባክአፑስ?» አልኩት። ወደ ሽክ ያለው ሰው ደወለልኝና አገናኘኝ። «አይጨነቁ፣ ስናፕሾት አለዎት። ምንም ነገር ቢፈጠር ወደዚያ እንመለሳለን» አለኝ። ስናፕሾት ማለት ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ ነው። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ያንን ፊርማ ትናንት ማታ ስንቴ እንዳየሁት!

ከዚያ ሥራው የእኔ ሆነ። ሰባት ወር ሙሉ፣ ብዙውን ማታ ማታ፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። የእያንዳንዱን ስዊች ስም፣ የቆመበትን ክፍል፣ ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ መዘገብኩ። ካርታውን ሠራሁ። የትኛው ነገር ማስጠንቀቂያ እንደሚያስነሳ፣ የትኛው ዝም ሊባል እንደሚገባው ለይቼ አስተካከልኩ። ይሄ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ጤነኛው የኔትወርክ ትራፊክ (የመረጃ ፍሰት) ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሳምንታት ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኢንተርኔት መስመራችን ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ፣ በየጊዜው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ተመዝግቦልኝ ነበር። ውል ስናድስ አቅራቢው ፊት ይዤው ልቀርብ ያጠራቀምኩት ማስረጃ ነው።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ማሽኑ ቆመ። ዲስኩ የተቀመጠበት ቦታ ሞልቷል የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ወጣ። ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ ትናንት ያው ልጅ መጣ።

አሁን የምነግራችሁ አሥር ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው። ልጁ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር፣ የቪኤምዌሩን ገጽ ከፈተ። ወዲያ ወዲህ አለና የስናፕሾቱ ዝርዝር ላይ ደረሰ። እዚያ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ «ዲሊት» (አጥፋ) ይላል፣ አንዱ «ሪቨርት» (ወደ ነበረበት መልስ)። ጠቋሚው ሁለቱ መካከል ቆመ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ዲሊት ላድርገው ወይስ ሪቨርት?» አለኝ።

እኔን! ባለሙያው እሱ፣ ከፋዩ እኔ፣ የሚጠየቀውም እኔ።

እኔም መለስኩለት። «ኧረ ዲሊት እንዳታደርግ!» አልኩት። ማጥፋት የሚል ቃል አየሁና ደነገጥኩ። ሪቨርትን ጫነ። ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ማሽኑ አሁን ያለበት ሁኔታ ይጠፋል የሚል ነው። እኔ ጀምሬ ሳነበው እሱ «እሺ» ብሎ ዘጋው። አንብቤ አልጨረስኩም ነበር።

ማሽኑ ወዲያው ተነሳ። ልጁ «ይኸው፣ ሠራ» አለ። ስክሪኑን አየሁት። ሰዓቱና ቀኑ የተከሉበት ዕለት ላይ ቆሟል። ካርታው የለም። ያስገባኋቸው መሣሪያዎች የሉም። የመስመሩ መቋረጥ መዝገብ የለም። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሰርቨሩ ራሱ ብቻ ነው። «የት ሄደ?» አልኩት። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። እውነቱን ለመናገር በልጁ አልፈርድም። ሳያስተምሩ የላኩት እነሱ ናቸው።

ለሽክ ያለው ሰው ደወልኩ። ያን ጊዜ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። ነገሩን አስረዳሁት። «ወንድሜ፣ ያንተን ዳታ መጠበቅ የኛ ሥራ አይደለም። ደግሞ ሪቨርት በል ያልከው አንተ ነህ አሉ» አለኝ። ሲሸጥልኝ «እርስዎ» ነበርኩ። ትናንት «አንተ» ሆንኩ። ባክአፕ ብላችሁ አስከፍላችሁኝ የለም ወይ ስለው ሳቀ። «ስናፕሾቱ ነበር እኮ፤ ተመለሰልህ!» ብሎ ዘጋው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተቀምጬ አነበብኩ። ያነበብኩትን ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ! ስናፕሾት ሲወሰድ ዋናው የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆማል። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ሌላ ፋይል ላይ ይጠራቀማል። «ዲሊት» የሚያጠፋው ስናፕሾቱን ብቻ ነው፤ የተጠራቀመውን አዲስ ሥራ ከዋናው ዲስክ ጋር ያዋህደዋል። ሥራዬን የሚያተርፈው እሱ ነበር። ቦታው ስለሞላ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ማስለቀቅ ይጠይቃል እንጂ መንገዱ ያ ነው። አዲሱን ሁሉ የሚጥለው «ሪቨርት» ነው። እኔ በአፌ የከለከልኩት መዳኛዬን ነው። ይሄ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል። ባክአፕ እንዳልሆነም በግልጽ ጽፏል። የእኔ ሰባት ወር ቆየ። የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ደግሞ ዳታ የማይጽፍበት ደቂቃ የለም፤ ስለዚህ ያ ሁለተኛው ፋይል ሲያብጥ ከረመ። አያችሁ? ቦታውን የሞላው እነሱ ባክአፕ ብለው የሸጡልኝ ስናፕሾት ነው። ያቆመኝም፣ ያጠፋኝም እሱ ነው።

ሶፍትዌሩ ዛቢክስ ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ጥሩ ሶፍትዌር ነው፣ አሁንም የምጠቀመው እሱን ነው። ግን ኮዱ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚለቀቅ ነው። ላይሰንስ ብለው ያስከፈሉኝ ለማይሸጥ ነገር ነው ማለት ነው! የጫኑልኝም ራሱ ዛቢክስ ለሙከራ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን፣ ማንም አውርዶ የሚከፍተውን ማሽን ነው። መመሪያው ላይ ለከባድ ሥራ የታሰበ አይደለም ተብሎ ተጽፏል። ለመጀመር የሚጠይቀው ዲስክ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ነው፤ ለእኔም ከዚያ ብዙ አልጨመሩልኝም። የይለፍ ቃሉ እንኳ አልተቀየረም። ትናንት ልጁ ሲገባ ጣቶቹን አየኋቸው፤ የሶፍትዌሩን ስም ነው የጻፈው። የመሣሪያዎቻችን ሁሉ መረጃ ያለበት ሰርቨር ሰባት ወር ሙሉ ዓለም በሚያውቀው ይለፍ ቃል ተከፍቶ ነበር። የገባሁት ሁልጊዜ እነሱ በሰጡኝ ሌላ ስም ስለነበር አላወቅሁም። ልጠይቅ ይገባኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የክፍያ መጠየቂያ ላኩልኝ። ለትናንቱ ጉብኝት! «የዲስክ ችግር ተፈትቷል» ይላል። የዓመቱ ጥገና ተከፍሎ እያለ። አልከፍልም።

እንዲህ ያለ ሥራ የምታሠሩ ሰዎች፣ «ባክአፕ» ሲሏችሁ ፋይሉ የት እንዳለ አሳዩኝ በሏቸው። ከዚያው ማሽን ውጭ ካልሆነ ባክአፕ አይደለም። ሳትፈርሙ በፊት እናንተ ፊት አንዴ ወደ ሌላ ማሽን መልሰው ያስነሱት። ላይሰንስ የሚል መስመር ካያችሁ የሶፍትዌሩን ስም ጠይቁና ራሳችሁ ፈልጉት። ይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በዚያው ቀን ቀይሩ። ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ደግሞ የባለሙያውን እጅ ያዙና አንብቡት።

እኔ ማሽኑን ከዜሮ እየተከልኩ ነው፤ ይሄኛው ስናፕሾት የለበትም። ዳታቤዙ በየማታው ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። መሣሪያዎቹን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መልሼ እያስገባሁ ነው፤ ገና አሥራ አንዱን ነው የጨረስኩት። የመስመሩን መዝገብ ግን ከየት አመጣዋለሁ?