ባለ 15,000 ቮልቱ የኒዮን ትራንስፎርመር ለፊውዘር ይበቃል?

ፊሎ ፋርንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዳበረውን የፊውዥን (የአቶም ኒውክሊየሶችን የማዋሐድ) መሣሪያ፣ ፊውዘርን፣ ለሚሞክር ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠቆመው የማስታወቂያ መብራት ትራንስፎርመር ነው፤ ባለ ብረት ኮሩ፣ 15,000 ቮልት፣ 30 ሚሊአምፒር።

ሳጥኑ ላይ 15,000 ይባል እንጂ ፊውዘሩ ጋ የሚደርሰው 10,000 ገደማ ነው። የውጤት ጥቅልሉ መሐል ከሳጥኑ ጋር ስለተያያዘ ከአንዱ ጫፍ እስከ ግራውንድ (መሬት) ያለው 7,500 ቮልት ብቻ ነው፤ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ከረንት) ሲቀየር ቢበዛ የሞገዱን ከፍተኛ ነጥብ፣ 10,600፣ ይደርሳል። ሐምራዊ ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የሚያበራ ጋዝ) ለማየት ይበቃል። በዲዩቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) ኒውትሮን ለመቁጠር ግን ከ20,000 በላይ ስለሚያስፈልግ ለዚያ አይግዙት።

የሚመረጥበት ምክንያት ከረንቱን ራሱ መገደቡ ነው። ፕላዝማው ድንገት ወደ አርክ (ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ሲለወጥ 30 ሚሊአምፒር ላይ ይቆማል። ማጣሪያ ካፓሲተር (ዲሲውን ለማለስለስ ቻርጅ የሚያከማች) ከተጨመረ ግን ክምችቱን የሚገድበው የለም፤ 50 ኪሎኦም ሬዚስተር በተከታታይ ይግባ። በ10 ሚሊአምፒር የሚያባክነው 5 ዋት ነው፣ አርክ ሲነሳ ግን ለቅጽበት 2,000 ዋት ያርፍበታል። የሬዚስተሩ አካል አጭር ከሆነ ብልጭታው በላዩ ዘሎ ያልፋል።

ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ወደ ዲሲ የሚቀይረው ዳዮድ ነው፤ በየጫፉ አንድ ይገባል። የማይክሮዌቭ ምድጃው ባለ 12,000 ቮልት ዳዮድ ለ10,600 የሚበቃ ይመስላል። አንዱ ሲያስተላልፍ ሌላው የሁለቱን ጫፎች ድምር፣ 21,200 ቮልት፣ በግልባጭ እንደሚሸከም ይረሳል። በየጫፉ 3 በተከታታይ፣ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ፤ አቅጣጫቸው በፊውዘሩ መሐል ያለው የሽቦ መረብ ኔጌቲቭ እንዲሆን።

ከአዲሶቹ ኤሌክትሮኒክ የኒዮን ትራንስፎርመሮች ብዙዎቹ ወደ ግራውንድ የሚሄድ ከረንት ሲያዩ ይጠፋሉ፤ የፊውዘር ሥራ ደግሞ ያው እሱ ነው! ከአሜሪካ የሚመጣው ባለ 120 ቮልት የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው። በእኛ 50 ኸርዝ ኮሩ ስለሚጠግብ ያጉረመርማል፣ ይግላል። በቫሪያክ (ቮልቱ በሚስተካከል ትራንስፎርመር) ከ100 ቮልት አያሳልፉት፤ ውጤቱም በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል።

የሚያናድደው ከረንት መለካቱ ነው። 100 ኦም ሬዚስተር በሳጥኑና በቫኩም ቻምበሩ መካከል ቢገባ 10 ሚሊአምፒር 1 ቮልት ያሳያል፤ ለዚህ ግን ሳጥኑ ከግራውንድ መላቀቅ አለበት። ሬዚስተሩ ከተበጠሰ ሳጥኑ ራሱ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። ከሬዚስተሩ ጎን ለጎን መጠባበቂያ የጋዝ ቲዩብ (ቮልቱ ሲበዛ ከረንት የሚያሳልፍ) ይታሰር፣ ሳጥኑም እጅ እንዳይደርስበት ይከለል።