«ሰፈር ደርሻለሁ» ያለኝ ባለሙያ እና የእማዬ ሳሎን

ይህን የምጽፈው ለበዓል ወደ ቤት ሄዳችሁ «እስቲ የእናቴን ሳሎን ዎልፔፐር ላስለጥፍላት» ብላችሁ ለምታስቡ ነው። እኔም አስቤ ነበር። ከፍራንክፈርት ነሐሴ 10 ገባሁ፣ መስከረም 5 ተመለስኩ፣ በመሀል ካለው ጊዜ ሲሶው አንድ ሰውዬ ስጠብቅ አለቀ። ስለ ታክሲው፣ ስለ ሲም ካርዱ፣ ስለ ባንኩ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ሰርቷል። የኔ ጉዳይ ግድግዳው ነው።

ቤቱ ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሳሎኑ ለዓመታት ቀለም አልተቀባም። እማዬ ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ስለሚበዛባት ግድግዳው ያሳፍራት ጀምሯል። አንድ ጎረቤት የባለሙያ ስልክ ሰጠን። ነሐሴ 13 መጣ፣ ለካ፣ «9 ሮል ይበቃል» አለ። የእጅ ዋጋ በሮል 900 ብር። በኋላ እንደሰማሁት እዚያው ህንጻ ላይ ያለች ሴትዮ ለራሷ ቤት በሮል 400 ነው የከፈለችው። ግን እሷ «ከጀርመን መጣሽ አይደል?» ተብላ አልተጠየቀችም። እኔ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ተጠይቄያለሁ። ለማንኛውም 4,000 ብር ቀብድ ሰጠሁት።

ወረቀቱን የገዛነው ሳሪስ አካባቢ ካለ ሱቅ ነው፣ እዚያ ያለችውን ልጅ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ለእማዬ ወንበር አቀረበች፣ ካታሎጉን አንድ በአንድ ገለጠችላት። እማዬ ወርቃማውን ወደደች፣ እኔ ግራጫውን። ክሬም መደብ ላይ ቀጭን ቅጠል ያለው አስታረቀን። ልጅቷ ሮሎቹን እያገላበጠች ወረቀቱ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር አሳየችን። «ይሄ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ካልሆነ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ እዚህ አይታወቅም፣ ተለጥፎ በቀን ብርሃን ነው የሚታወቀው» አለችን። ፍራንክፈርት ይህን ሱቅ ውስጥ ቆሞ የነገረኝ ሰው የለም። እዚያ ራስህ ታነባለህ፣ ካላነበብክ የራስህ ጉዳይ ነው። ከዚያ «9 ሮል ለስንት ግድግዳ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሁለት አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። «ብዙ አይደለም?» አለች። ባለሙያው ነው ያለው አልኩ፣ ከፈልኩ። ያኔ ብሰማት ኖሮ።

ሒሳቡን እናንተ ሳትሳሳቱ እንድትሰሩት ልንገራችሁ። ተራው ሮል ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። የእኛ ግድግዳ ከመሬት እስከ ጣሪያ 2 ሜትር ከ70 ነው። ቅጠሉ በየ64 ሳንቲ ሜትሩ ስለሚደጋገም ቅጠል ከቅጠል እንዲገጥም አንዱ ቁራጭ 3 ሜትር ከ20 ይወስዳል። ከአንድ ሮል 3 ቁራጭ ይወጣል ማለት ነው። አንዱ ግድግዳ 4 ሜትር ከ20 ነው፣ 8 ቁራጭ። ሌላው 3 ሜትር ከ40፣ 7 ቁራጭ። 15 ቁራጭ ለ3 ሲካፈል 5 ሮል። ለክፉ ቀን አንድ ጨምሩበት፣ 6። ዘጠኙ ከየት መጣ? ክፍያው በሮል ነዋ!

አሁን ወደ ዋናው ቁስል። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት» አለኝ። ሶፋውን፣ ብፌውን፣ ቴሌቪዥኑን ሁሉ ወደ መሀል ሰብስበን ላስቲክ አለበስነው። 3 ሰዓት አልመጣም። 5 ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ «መንገድ ላይ ነኝ»። 7 ሰዓት፣ «ሰፈር ደርሻለሁ»። ወደ በረንዳ ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። ማንም የለም። 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። በማግስቱ «ለቅሶ ገጥሞኝ ነው እህቴ» አለ። ለቅሶ ሲሉህ ምን ትላለህ? ነፍስ ይማር ትላለህ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሆነ፣ ቀጥሎ ረዳቱ ታመመ፣ ቀጥሎ «ሌላ ሳይት ላይ ይዘውኝ ነው»፣ ከዚያ እንደገና «ሰፈር ደርሻለሁ»። የትኛው ሰፈር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። 11 ቀን እንዲህ ሆነ። እኔን «እንኳን ደህና መጣሽ» ሊሉ የመጡ ዘመዶች ኮሪደር ላይ በርጩማ ተሰልፈው ቡና ጠጡ። አንዷ አክስቴማ በላስቲክ የተሸፈነውን ክምር አይታ «ልትለቁ ነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች። እማዬ ደግሞ ትከላከልለታለች፣ «ተይው ልጄ፣ ክረምት አይደል»።

ጀርመን ይሻላል ልል አይደለም፣ እዚያም ባለሙያ ለማግኘት ሳምንታት ትጠብቃለህ፣ ሒሳቡም ያስለቅሳል። ግን ማክሰኞ 8 ሰዓት ካለህ ማክሰኞ 8 ሰዓት በርህ ላይ ቆሟል። «በሚቀጥለው ወር» ቢሉኝ ምንም አልልም ነበር፣ ቢያንስ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ነሐሴ 24 ከሰዓት በኋላ መጣ፣ አንድ ልጅ አስከትሎ። ይቅርታ የለም፣ ምን የለም። ወዲያው ሙጫ መበጥበጥ ጀመረ። ግድግዳውን በመዳፌ አሸት አድርጌ አሳየሁት። መዳፌ ነጭ ሆነ፣ ዱቄት የነካሁ ነው የሚመስለው። «ይሄ ቀለም ይለቃል፣ መታጠብ የለበትም?» አልኩት። «አንቺ አታስቢ እህቴ፣ ሙጫው ይይዘዋል።» ወረቀቱ ሙጫ ከተቀባ በኋላ ታጥፎ 10 ደቂቃ ያህል መጠጣት አለበት ብዬ ሞከርኩ፣ ምክንያቱም ጀርባው ወረቀት የሆነ ዎልፔፐር ሲርስ ይሰፋል፣ ሳይሰፋ ከለጠፍከው ግድግዳ ላይ ሆኖ ይሰፋና አየር ይዞ ያብጣል። «እሱ የፈረንጅ አገር ነው» አለኝ። ረዳቱ ሳቀ። ቱንቢ የለ፣ ውሃ ልክ የለ፣ ከጥጉ ነው የጀመረው። የኮንዶሚኒየም ጥግ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው ብሎ የሚምል ያለ አይመስለኝም። አራተኛው ቁራጭ ላይ ሲደርስ ቅጠሎቹ ወደ መስኮቱ አዘንብለው ነበር። 12 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ በስልክ ባትሪ እያበራ ቀጠለ።

ሲጨርስ የ9 ሮል ሒሳብ፣ 8,100 ብር ጠየቀ። 3 ሮል ላስቲኩ እንኳን ሳይቀደድ ጥግ ላይ ቆሟል! «የተነጋገርነው ዘጠኝ ነው» አለ። በዚያ ላይ የሙጫ 1,200። ሙጫውን እኔ ነኝ የገዛሁት፣ ባዶ ካርቶኑ እግሩ ስር ወድቋል። ልጣላ ስል እማዬ በዓይኗ ያዘችኝ። «ስጪው ይሂድ፣ መሽቷል።» የሙጫውን አልሰጠሁም፣ የቀረውን ሰጠሁ።

ሌሊት ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ወረቀት የሚቀድ የሚመስል። ጠዋት ስንነሳ ሦስት ቁራጭ ከላይ ተላቆ ሶፋው ላይ ተኝቷል፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ። ጀርባው ላይ የድሮው ቀለም ሳይሰበር እንዳለ ተላቆ መጥቷል፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ወረቀቱ ሙጫውን በደንብ ይዟል፣ ቀለሙ ነው ግድግዳውን የለቀቀው። ደወልኩለት። «ቤታችሁ እርጥበት አለው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በመስኮቱ በኩል አለው። ግን ያንን ማየት የማን ስራ ነው? ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳም።

ሁለት ቀን ተኮራርፌ ቆየሁ፣ ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም። ፍራንክፈርት እኮ የመጀመሪያ ቤቴን ራሴ ነኝ የለጠፍኩት። እዚያ ሰው ቤት ሲቀይር ይለጥፋል፣ ይቀባል፣ ብርቅ አይደለም። አገሬ ስገባ «ባለሙያ ይስራው» ያልኩት ለእማዬ ክብር መስሎኝ ነው። እሷ ናት በመጨረሻ «እኔና አንቺ አንለጥፈውም እንዴ?» ያለችኝ። ደሴ፣ አያቴ ቤት፣ ለበዓል ግድግዳው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር፣ እኔም ልጅ ሆኜ ደርሼበታለሁ። ሙጫው የስንዴ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የወፈረ ነው። አንዱ ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን አጣምሜ ፊደል እቆጥርበት ነበር። ያንን ግድግዳ የለጠፈችው ለካ እማዬ ናት። 11 ቀን ሙሉ «ክረምት አይደል» እያለች አንድም ቀን አልነገረችኝም!

ሮል ስላነሰን ተመልሰን ሳሪስ ሄድን። የቀድሞው የምርት ቁጥር አልቋል። ከልጅቷ ራስ በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል በትልቁ ተለጥፏል። ሦስቱን ያልተከፈቱ ሮሎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የሆነውን ነገርኳት። ማስታወቂያውንም አላየችም፣ እኔንም አላከራከረችም። ሦስቱን ተቀበለችኝ፣ በአዲሱ ቁጥር 6 ሮል አወጣችልኝ፣ የልዩነቱን ብቻ በቴሌብር ከፈልኩ። ያንን ቀን ለጠቅላላ ጉዞዬ ኮከብ ስጪ ብትሉኝ አምስቱንም ለእሷ ነበር።

ጳጉሜን 1 ላጥን። የእህቴ ልጅ በስፓቱላ እየፋቀ፣ እኔ በስፖንጅ እያጠብኩ። በጀሪካን ውሃ ነው እንግዲህ። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነን ደርቆ ሲያድር በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። በማግስቱ ሙጫውን በጣም አቅጥነን ግድግዳውን ብቻ ቀባነው፣ ዱቄቱ እንዲያዝ። እጄን አሻሸሁት፣ መዳፌ ንጹህ ሆነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጳጉሜን 3 መለጠፍ ጀመርን። ቱንቢ ስላልነበረን የበሩን ቁልፍ በክር አንጠልጥለን ከላይ እስከ ታች በእርሳስ መስመር አሰመርን፣ የመጀመሪያው ቁራጭ መስመሩን ይዞ ወረደ። ሙጫ መቀባት፣ ማጠፍ፣ መጠበቅ። እማዬ ደረቅ ጨርቅ ይዛ ከመሀል ወደ ዳር ትጠርጋለች፣ አየሩ ከስር ሲሸሽ በእጇ ይሰማታል መሰለኝ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ሶኬት ጋ ስንደርስ ቆጣሪውን አጠፋን፣ ወረቀቱን በመስቀል ቅርጽ ቀድደን አወጣነው። ለካተር ብዙ ምላጭ ግዙ። የደነዘዘ ምላጭ እርጥብ ወረቀት አይቆርጥም፣ ይጎትታል፣ ሁለት ቦታ ጎትቶብኛል። እንዲደርቅ ብላችሁ መስኮት አትክፈቱ፣ ከሰል አታስገቡ፣ ዝም ብላችሁ ተዉት፣ ቶሎ ሲደርቅ መጋጠሚያው ይከፈታል።

ጳጉሜን 4 ማታ አለቀ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ዞሯል፣ ካልነገርኳችሁ አታዩትም። አንድ ሮል ተርፎ አልጋ ስር ገብቷል።

መስከረም 2 ጠዋት ስልኬ ጠራ፣ ሰውዬው ነው። «እንኳን አደረሰሽ እህቴ! መኝታ ቤቱንስ መቼ እንምጣ?» የምለው ጠፋኝ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ፣ ሰፈር ስትደርስ ደውል» ብላ ዘጋችው።