የሃይድሮሲልን ከረጢት ንቀው ለማያልፉት የፓቶሎጂ ባልደረቦቻችን ምስጋና

የምንልከውን ናሙና ለሚመረምሩልን ፓቶሎጂስትና ቴክኒሻኖች ከልብ እናመሰግናለን። ስማቸው በአደባባይ ባይነሳ ይመርጣሉና ናሙና መላክ የምትፈልጉ ሐኪሞች በውስጥ መስመር ጠይቁን።

የዘር ፍሬን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን፣ በቱኒካ ቫጂናሊስ፣ ላይ የሚነሳ ሜሶቴሊዮማ እጅግ ብርቅ ካንሰር ነው። ሲታይ ሃይድሮሲል፣ ማለትም በዘር ፍሬ ዙሪያ የሚቋጠር ካንሰር ያልሆነ ውሃ፣ ይመስላል፤ ውሃ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ በደም የሚለኩት የዘር ፍሬ ካንሰር ምልክቶች፣ ኤኤፍፒና ቤታ ኤችሲጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምሩም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ለሃይድሮሲል ተብሎ ከተከፈተ በኋላ ነው። ውሃውን የያዘው ከረጢት ሳይመረመር ከተጣለ ደግሞ ምርመራውም አብሮ ተጣለ ማለት ነው።

እነዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው የሚያዩት ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበትን ፎርማሊን ነው። በፈር (አሲድነቱን የሚያስተካክል) ያለው 10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ። ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ታጭቆ የመጣ ከረጢት መሃሉ ፎርማሊን ሳያገኘው ይበላሻል፤ ከዚያ ወዲያ የኢሚዩኖ ምርመራው (የሴሉን ፕሮቲኖች በቀለም የሚለየው) አይታመንም። ውሃውም አይደፋም፤ ለሴል ብሎክ (የውሃው ሴሎች ተሰብስበው እንደ ሥጋ ናሙና ለሚመረመሩበት) እንዲሆን ትኩሱን ይቀበሉታል። ከረጢቱን ገልብጠው ውስጠኛውን ገጽ ያያሉ፣ የወፈረ ወይም ፍሬ ፍሬ ያለበት ቦታ ካለ ከዚያው ይቆርጣሉ። ይህችን ደቂቃ የሚሰስት ላቦራቶሪ ብዙ ነው!

በኢሚዩኖ ምርመራው ከሚታዩት ፕሮቲኖች ካልሬቲኒንና ደብሊውቲ1 ፖዘቲቭ፣ ሲኢኤና ቤር-ኢፒ4 ኔጌቲቭ ከሆኑ ሴሉ ሜሶቴሊያል (የሽፋኑ ሴል) ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ካንሰር ለመሆኑ ግን አይበቃም፤ በቁጣ ብቻ የበዛ ጤነኛ ሜሶቴሊየምም እንዲሁ ይቀባል። እነሱ ሥሩ ያለውን ስብና ጡንቻ ሰርጎ መግባቱን ይፈልጋሉ፣ ባፕ1 የተባለው ፕሮቲን መጥፋቱንም ያያሉ። ባፕ1 ስላልጠፋ ብቻ ግን «ካንሰር አይደለም» ብለው አይዘጉትም።

ውጤቱ እንደወጣ ይደውላሉ፤ መደወላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ካንሰሩ ገና በአካባቢው ከሆነ ዋናው ሕክምና የዘር ፍሬውን በብሽሽት በኩል ከነስፐርማቲክ ኮርዱ (ደም ሥሮቹንና የዘር ቱቦውን ከያዘው ገመድ ጋር) ማውጣት ነው። ቀድሞ በስክሮተም (የዘር ፍሬዎቹን በያዘው የቆዳ ከረጢት) በኩል ተከፍቶ ከነበረ የዚያን ወገን ቆዳም ማንሳት ይታሰባል። ከዚያ በፊት የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ለተሰራጨው ፔሜትሬክሲድ የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ከሲስፕላቲን ጋር ይሰጣል፤ ልምዱ የተወሰደው ከሳንባ ሽፋን ሜሶቴሊዮማ ነው።

ሪፖርታቸው ደግሞ ሌላ ነው። ወገን (ግራ ወይም ቀኝ)፣ መጠን፣ ዓይነት (ኤፒተሊዮይድ፣ ሳርኮማቶይድ ወይም ቅይጥ)፣ የኮርዱ ጠርዝ፣ ወደ ደም ሥር መግባት፣ ሁሉም ይጻፋል። በአይሲዲ-ኦ (ዓለም አቀፉ የካንሰር መመዝገቢያ ኮድ) የቦታው ኮድ ሲ63.7፣ የዓይነቱ 9050/3 ነው። ብዙ ቦታ ሲ62 ተብሎ ከዘር ፍሬ ካንሰር ጋር ይቀላቀላል፤ እንዲህ ብርቅ የሆነው በመዝገብ ላይ ጭራሽ ይጠፋል።

ስትልኩላቸው የታካሚውን ዕድሜ፣ ወገኑን፣ ውሃው ተመላልሶ እንደሆነ፣ ከአስቤስቶስ ጋር የሠራ መሆን አለመሆኑን በመጠየቂያው ላይ ጻፉ። ባዶ መጠየቂያ ይመልሳሉ።